ሊፈጽሙት የማይሹትን ክፉ መዛት ኃጢአት ነውን?

ሐምሌ 7 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥላሴ በአብርሃም ቤት በእንግድነት የተገኙበትን ታላቅ በዓል ታከብራለች። በዚያ ቀን ካህናት በየዐውደ ምሕረቱ የሚያስተምሩት ስለ አብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ነው፤ ስለ ታረደው ወይፈን፣ ስለ ተጋገረው እንጎቻ፣ ስለ ሣራም ሳቅ ነው። የታሪኩ ፍጻሜ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ አብርሃም እንግዶቹን ሊሸኝ ወጣ፤ በመንገድ ሳለም የሰዶምን ጥፋት ሰማ፤ ሰምቶም ዝም አላለም። በዚያች ከተማ ጻድቃን ቢገኙ እንዴት ይሆናል ብሎ ከኃምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር እያወረደ በፈጣሪው ፊት ተከራከረ። ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር አብሮ ማጥፋት ለፈራጅ የማይገባ መሆኑን በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያፍር ተናገረ። እግዚአብሔርም አልተቈጣውም።

በ1937 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945) ይህ በዓል ከተከበረ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ይኸውም ሐምሌ 9 ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ተፈተነ። ሊቃውንቱ ለዚያ ፈተና የሰጡት የምሥጢር ስም «ትሪኒቲ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ሥላሴ ማለት ነው። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 30 ቀን፣ ሂሮሺማ ተቃጠለች። እኛ የፍልሰታን ጾም በያዝን በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 3፣ ሁለተኛው ቦምብ በናጋሳኪ ላይ ወረደ። የወረደበትም ሰፈር ኡራካሚ የተባለው፣ ከጥንት ጀምሮ ስደትን ታግሠው የኖሩ የጃፓን ክርስቲያኖች የሚኖሩበት ነበር። ቦምቡ የፈነዳው ከካቴድራላቸው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በዚያች ሰዓት ካህናቱ ለእመቤታችን ዕርገት በዓል የሚዘጋጁትን ምእመናን ኑዛዜ እየተቀበሉ ነበር። ተናዛዡም ካህኑም አልተረፈም። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ በሂሮሺማ 140,000 ያህል፣ በናጋሳኪም 70,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ከቀኖች መግጠም ምሥጢር ለማውጣት አንደፍርም፤ እንዲህ ያለው ልማድ ዐውደ ነገሥት ገልጠው ኮከብ የሚቈጥሩ ሰዎች ሥራ ነው እንጂ የመምህራን አይደለም። ነገር ግን ስሙ ያስደነግጠናል። ሌላውም ወገን ከዚህ ንጹሕ ሆኖ አልተገኘም። የሶቪየት መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የራሱን ቦምብ ለመሥራት የመረጠው ስፍራ ሳሮቭ ነው፤ ይህም ሩስያውያን እጅግ የሚያከብሩት መነኵሴ ሱራፌል በዱር በድንጋይ ላይ ቆሞ ሌሊቱን በጸሎት ያሳለፈበት፣ መንግሥት በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የዘጋው ገዳም ነበር። አንደኛው የሥላሴን ስም ወሰደ፤ ሁለተኛው የጸሎትን ቤት ወሰደ። ነሐሴ 23 ቀን 1941 ዓ.ም. (1949) ሶቪየቶችም ቦምባቸውን አፈነዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንግሥታት አንዱ በሌላው ላይ ሰይፍ መዝዘው መኖር ጀመሩ።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያስገደደን የፖለቲካ ዜና አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር አንድ የንስሐ ልጃችን ደብዳቤ ጽፎልናል። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደዚያ አገር ሄዶ፣ በዚያው ተምሮ፣ ዜግነትም ተቀብሎ አሁን በአየር ኃይሉ ውስጥ ያገለግላል። የሚሠራውም በሰሜኑ ሜዳ ከመሬት በታች በተቈፈሩ ጕድጓዶች ውስጥ አራት መቶ ያህል ረጃጅም ሮኬቶች ተተክለው ከሚጠበቁባቸው ስፍራዎች በአንዱ ነው። እርሱ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ «አባታችን፣ ይህ መሣሪያ የተተከለው እኔ ሳልወለድ ነው፤ አንድም ቀን በሰው ላይ አልተተኰሰም። አለቆቼ የተተከለው እንዳይተኰስ ነው ይሉኛል፤ እኔም እንዳይተኰስ እጠግነዋለሁ። ታዲያ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል በቀረብሁ ጊዜ ልቤ ለምን ይከብደኛል? ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?»

በአንድ ምሽት የምንመልሰው መስሎን ነበር። ጾሙ አልቆ ፋሲካ እስኪገባ ድረስ ግን መልሱን አላገኘነውም፤ ዛሬም ቢሆን የምንጽፈው አገኘን ብለን አይደለም፤ ሌሎች ካህናትም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይመጣባቸው አይቀርምና አብረውን እንዲያስቡ ነው።

አባቶቻችን ኃጢአትን በሦስት ከፍለው ያስተምሩናል፤ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር፣ ይኸውም በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት ማለት ነው። በዚህ ሚዛን የተመዘነ እንደ ሆነ የታላላቆቹ መንግሥታት ነገር ከሌላው ኃጢአት ሁሉ የተለየ ሆኖ ይገኛል። ሌባ የሚያስበው ሊሰርቅ ነው፤ ነፍሰ ገዳይም የሚዝተው ሊገድል ነው፤ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቢቀር ፈርቶ ወይም ተጸጽቶ ነው። በዚህ ግን ገቢሩ እንዳይመጣ ሲባል ሐልዮው በየቀኑ ይታደሳል፤ ነቢቡም በየአደባባዩ ይነገራል። «ብትነካኝ ከተሞችህን ሁሉ አቃጥላለሁ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እንዲነገር፣ ሁልጊዜም እንዲታመን ያስፈልጋል፤ ያልታመነ እንደ ሆነ ዋጋ የለውምና። ክፉው እንዳይሠራ የተገኘው ዘዴ ክፉውን ያለማቋረጥ ማሰብና ማሰናዳት ሆነ ማለት ነው። የጦርነቱ ሊቃውንት በዚህ ዘዴ ሲራቀቁ ኖረዋል። በ1954 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ቀን (1961) ሶቪየቶች በኖቫያ ዜምልያ ደሴት ያፈነዱት ቦምብ በኃይሉ የሂሮሺማውን ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ነበር። በ1978 ዓ.ም. (1986) ገደማ የሁሉም ቦምብ ቍጥር ተደምሮ ወደ 70,000 ደርሶ ነበር። ዛሬ ወደ 12,000 ያህል ወርዷል፤ ከዐሥሩም ዘጠኙ እጅ በሁለቱ መንግሥታት ዘንድ ነው። ቍጥሩን ለመወሰን በ2002 ዓ.ም. (2010) የተዋዋሉት ውል ዘመኑ እስከ 2018 ዓ.ም. ብቻ የተወሰነ ነበር።

እንግዲህ ይህን ዛቻ የሚደግፉት ሰዎች ሞኞችም ጨካኞችም አይደሉም፤ ቃላቸውን በቅን ልንሰማው ይገባል። አባት በትር በግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ልጁን ሊመታበት ሳይሆን እንዳይመታው ነው ይላሉ። ዘበኛም በበር ላይ ጦር ይዞ የሚቆመው ሌባ እንዳይመጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚበረታው ማስረጃቸው ከመጽሐፍ የሚወጣው ነው። ሁለቱ ሴቶች ስለ አንዱ ሕፃን በተካሰሱ ጊዜ ንጉሥ ሰሎሞን ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት ብሎ አላዘዘምን? ይህ ንጹሕ ሕፃንን ለመግደል መዛት ነው። ሰሎሞንም በዚህ ኃጢአተኛ አልተባለም፤ እስራኤል ሁሉ የእግዚአብሔርን ጥበብ አየበት እንጂ። እንግዲያውስ ንጹሑን ለማዳን ንጹሑን መዛት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ማስረጃ ለብዙ ቀን ስናመላልሰው ቈየን፤ በቀላል የሚወድቅ አይደለምና። በመጨረሻ የተገለጠልን ልዩነት ይህ ነው። የሰሎሞን ሐሳብ በሰሎሞን ልብ ውስጥ ብቻ ነበረ፤ ልቡም ሕፃኑን ለመግደል አልፈቀደም። ነቢብ ነበረው፤ ሐልዮ አልነበረውም። ሰይፉን የያዘው አሽከር የንጉሡን ሁለተኛ ቃል ሊሰማ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ንጉሡ አሽከሩን ሕፃን መሰንጠቅ ሲያለማምደው አልኖረም። የዛሬ መንግሥት ሐሳብ ግን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አይኖርም። በጕድጓዱ ውስጥ ሌሊትና ቀን ተራ ገብተው በሚጠብቁት ሁለት ሁለት መኮንኖች፣ ከባሕር በታች ወራት በሚቀመጡት የሰርጓጅ መርከብ ሠራተኞች፣ በተጻፈው የትእዛዝ መዝገብ፣ በተመረጡት የከተሞች ስም ዝርዝር ውስጥ ተከፋፍሎ ይኖራል። ፕሬዚዳንቱ ለብቻቸው በልባቸው «እኔስ አላደርገውም» ቢሉ እንኳ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ልብ እንዲያደርገው የተሰናዳ ነው፤ ባይሰናዳ ዛቻው ዛቻ ሊሆን አይችልምና። ሰሎሞን የሐሰት ዛቻ ሊዝት ይችል ነበር፤ መንግሥት ግን አይችልም። ስለዚህ ሐልዮው በእውነት አለ፤ የሚኖረውም የንስሐ ልጃችን በሚመስሉ ወጣቶች ልብ ውስጥ ነው። ልቡ ለምን እንደሚከብደው ከዚህ በኋላ ገባን።

የበትሩም ምሳሌ አይገጥምም። በትሩ የሚወርደው ባጠፋው ልጅ ላይ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚወርደው አጥፊው ገዥ ከመሬት በታች በተሸሸገበት ጊዜ ምንም በማያውቀው ሕዝብ ላይ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ20ኛው ምዕራፍ ከተማ የከበበ ሠራዊት የፍሬ ዛፎችን በምሳር እንዳይቈርጥ ተከልክሏል፤ ዛፉ ሸሽቶ የሚያመልጥ ሰው አይደለምና። በከበባ ውስጥ ለሾላና ለወይን የተሰጠው ምሕረት በዚህ መሣሪያ ፊት ለሕፃናት አልተገኘም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክፉ ዛቻ ባለቤቱን ያስረዋል። ነቢዩ ዮናስ ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ሕዝቡ ንስሐ ገብተው በዳኑ ጊዜ ግን ከመደሰት ይልቅ እስከ ሞት ድረስ አዘነ። ያሳዘነው ቃሉ ሳይፈጸም መቅረቱ፣ ሐሰተኛ ነቢይ መባሉ ነበር። እግዚአብሔር በቅሉ ጥላ ያስተማረው ግራና ቀኛቸውን የማያውቁት 120,000 ነፍሳት ከነቢዩ ክብር እንደሚበልጡ ነው። ሄሮድስም በበዓሉ ማዕድ ላይ የማለውን መሐላ የጠበቀው ዮሐንስን ጠልቶ አልነበረም፤ ያዝን እንደ ነበር ወንጌላዊው ማርቆስ ይመሰክራል። አንገት ያስቈረጠው አብረውት የተቀመጡትን አፍሮ ነው። ዳዊት ግን በናባል ቤት ያለውን ወንድ ሁሉ እስኪነጋ ሊያጠፋ ምሎ ሲወርድ አቢግያ በመንገድ ተቀብላ በለመነችው ጊዜ መሐላውን ጥሎ ተመለሰ፤ ደም ከማፍሰስ የከለከለችውንም መረቃት። አራት መቶ ሰው አስከትሎ ነበር፤ በእነርሱ ፊት ማፈርን አልፈራም።

በ1955 ዓ.ም. ከጥቅምት 6 እስከ 18 ቀን (1962) ዓለም ወደ ጥፋት ከምንጊዜውም ይልቅ ቀርባ ነበር። ሶቪየቶች በኩባ ደሴት ሮኬቶችን በምሥጢር ተክለው ተገኙ፤ አሜሪካም ደሴቲቱን በመርከቦች ከበበች። በዚያ ዐሥራ ሦስት ቀን የሁለቱ አገሮች መሪዎች፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲና ሊቀ መንበር ክሩሽቼቭ፣ በመጨረሻ ዳዊትን መሰሉ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ክሩሽቼቭ ሮኬቶቹን ሊያነሡ በይፋ ተስማሙ፤ ኬኔዲም ኩባን እንዳይወርሩ ቃል ገቡ፤ በቱርክ የተተከሉትንም የአሜሪካ ሮኬቶች ለማንሣት ተስማሙ። ነገር ግን ይህ ሦስተኛው ቃል ምሥጢር እንዲሆን ተደረገ፤ ለብዙ ዓመታትም ተሰውሮ ኖረ። ለምን? በማዕድ የተቀመጡትን ስለ ፈሩ ነው። ዓለምን ያዳነው በጎ ሥራ እንደ ነውር ተሸሸገ፤ ሰውም ለሰባት ትውልድ የሚበጅ ትምህርት ሳይማርበት ቀረ፤ ጽኑ ሆኖ መቆም ብቻ እንዳዳነ ተነገረው እንጂ።

በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በኩባ አጠገብ በባሕር ውስጥ የነበረች ቢ-59 የተባለች የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ የኑክሌር ቶርፒዶ ይዛ ነበር። የአሜሪካ መርከቦች ወደ ላይ እንድትወጣ ትንንሽ ፈንጂ እየጣሉ ያስጨንቋት ጀመር። ውስጡ ሙቀት የሚያፍን፣ አየሩም የተበላሸ ነበር፤ ካፒቴኑ ጦርነት የተጀመረ መስሎት ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ አዘዘ። ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን ግን አልተስማማም፤ አረጋግቶም እንዲተዉት አደረገ ተብሎ አብረውት ከነበሩት ሰዎች ተነግሯል። ዳግመኛም በ1976 ዓ.ም. በመስከረም ወር (1983)፣ እኛ ለደመራ ችቦ ስናዘጋጅ በነበረበት ሰሞን፣ ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የተባለ የሶቪየት መኮንን በሞስኮ አቅራቢያ በሚገኝ ምሽግ ተረኛ ሆኖ ሳለ የሳተላይቱ መሣሪያ ከአሜሪካ አንድ ሮኬት፣ ቀጥሎም አራት መነሣታቸውን አስታወቀ። ፔትሮቭ ጦርነት የሚጀምር በአምስት ሮኬት አይጀምርም ብሎ አሰበ፤ የመሣሪያ ስሕተት ነው ብሎም ለአለቆቹ ነገረ። እውነትም ስሕተት ነበር፤ መሣሪያውን ያታለለው ከደመና ላይ ያንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነው። ፔትሮቭ ሽልማት አላገኘም፤ በዚያች ሌሊት መዝገቡን በሥርዐቱ አልሞላህም ተብሎ ተወቀሰ።

ስለነዚህ ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ አስበናል። በሕይወት ያለነው የአዛዦች ጥበብ ስለ ጠበቀን ብቻ አይደለም፤ የታዘዘው ሰው በጨነቀው ሰዓት ቆም ብሎ ስለ ተጠራጠረ ነው። ዛቻው ግን እንዲህ ያለ ሰው እንዳይኖር ይፈልጋል። የሚሠለጥነውም የሚመረጠውም ሳይጠራጠር የሚፈጽመው ነው። አንድን ሥርዐት ማዳን የሚችለው የሥርዐቱ መጓደል ብቻ ሆኖ ሲገኝ በዚያ ሥርዐት ላይ ተስፋ መጣል እንዴት ይቻላል?

ከዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ልንሸሸውም አንወድም። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ፈጁ፤ ከቦምቡ ወዲህ ግን ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ፊት ለፊት አልተዋጉም። ይህን ሰላም የሰጠ ቦምቡ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ምናልባት ከፊሉ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ሰላሙ ለማን ነበር? በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ወደ ኮርያ ዘምተው ደማቸውን ያፈሰሱት በዚሁ ሰላም ዘመን ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት አስቀድሞ ለሶማሊያ፣ ኋላም ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ያቀረበው አንዱ የሶቪየት መንግሥት ነበር፤ በሁለቱም ወገን የሞተው ልጅ በአንድ አገር ፋብሪካ በተሠራ ጥይት ሞተ። ቬትናምን፣ አንጎላን፣ አፍጋኒስታንን መቍጠር ይቻላል። ዝሆኖቹ በአጥራቸው ውስጥ እሳት አልነደደም ሲሉ ሣሩ የት ነደደ ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

አገራችን በዚህ ነገር ዝም አላለችም ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 1653 ቍጥር የተሰጠውን ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔውን ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ መንግሥታት ጋር ሆና ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። የቃሉም ሐሳብ በዚህ መሣሪያ የሚጠቀም መንግሥት በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል እንደ ፈጸመ ይቈጠራል የሚል ነው። 55 መንግሥታት ደገፉት፤ 20 ተቃወሙት፤ 26 ድምፃቸውን አቀቡ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሣይ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈችው፤ የደገፈችውም ከላይ የተናገርነውን ያን ታላቅ ቦምብ ካፈነዳች ወር እንኳ ሳይሞላት ነው። እጅ የሚሠራውን አፍ ሲያወግዝ ነቢብ ከሐልዮ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ካህናት ወንድሞቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ቦምቦቹን የጣሉት አውሮፕላኖች በተነሡባት በቲንያን ደሴት ጆርጅ ዛቤልካ የተባሉ አሜሪካዊ የካቶሊክ ቄስ ለአየር ኃይሉ ወታደሮች ያገለግሉ ነበር። ወታደሮቹን ይናዝዙ፣ ይቀድሱላቸውም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ እኒህ ሰው በአደባባይ ንስሐቸውን ተናገሩ። ያዘኑበትም ቦምቡን ባርከዋል ተብሎ አይደለም፤ ሕፃናትና ሴቶች በእሳት እየተቃጠሉ መሆናቸውን እያወቁ ይህን ለሚያደርጉት ሰዎች አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አለመስበካቸው ነው። ንጽሕናን ሰበኩ፤ ስካርን ከለከሉ፤ የዚህን ስም ግን አልጠሩም። እኛ በእርሳቸው ልንፈርድ አንነሣም። ስለ አጽዋማት መሻር፣ ስለ በዓል ማፍረስ ስንገሥጽ ኖረን ለንስሐ ልጆቻችን እጃቸው ምን እንደሚሠራ ያልጠየቅናቸው ስንት ጊዜ ነው?

ለልጃችን የጻፍንለት መልስ እንዲህ ያለ ነው። የመንግሥታቱን ዛቻ ጻድቅ ነው ብለን ልናጸድቅለት አልቻልንም፤ ገቢሩ ኃጢአት የሆነውን ነገር በቍርጥ ልብ ማሰናዳት የሐልዮ ኃጢአት ነውና። ነገር ግን አንተ ነፍሰ ገዳይ ነህ አላልነውም። ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት ደም ያፈሰሱትን ሰዎች ከነፍሰ ገዳዮች ጋር አልቈጠራቸውም፤ ሆኖም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከሥጋ ወደሙ ቢከለከሉ መልካም ይሆናል ብሎ መከረ። በአንድ ቃል ምሕረትንም ሐዘንንም ያዘ። እንግዲህ ደም ላላፈሰሰው ልጅ ከዚያ የሚከብድ ሸክም ልናሸክመው አንችልም። ያገልግሎት ውሉ የሚያልቅበት ጊዜ አሥራ አራት ወር ቀርቶታል፤ ውሉን አፍርሶ እንዲኰበልል አልመከርነውም። እንዳያድሰው ግን መከርነው፤ ቍልፍ ወደሚያዝበት ወንበር በሹመት ቢጠሩትም እንዳይቀበል። ሥራውን በሚሠራበት ቀን ሁሉ በዝርዝሩ ላይ ስለ ተጻፉት፣ ስማቸውን ስለማያውቃቸው ከተሞች እንደ አብርሃም እንዲለምን ቀኖና ሰጠነው። ከቅዱስ ቍርባን አልከለከልነውም። በዚህ ላይ ከእኛ የሚለዩ ሊቃውንት እንዳሉ እናውቃለን፤ አንድ የምናከብራቸው መምህር እስኪወጣ ድረስ ይቈይ ብለውናል፤ ሌላው ደግሞ የዘበኛን ሥራ ኃጢአት አድርጋችሁ ልጁን ያለ ምክንያት አስጨነቃችሁት ብለው ገሥጸውናል።

ልጁ በሰኔ ወር መለሰልን። ምክራችንን መቀበሉን ከገለጠ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ «እናቴ በዚህ ከተማ በሆስፒታል ወለል ትወለውላለች። ከደመወዟ በየወሩ ግብር ይቈረጣል፤ እኔ የምጠግነው ሮኬት የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። እርሷ ይህን አታውቅም፤ ዐርብና ረቡዕ ጾማ፣ ኪዳን አድርሳ ነው ወደ ሥራ የምትሄደው። ልንገራትን? ብነግራትስ ምን እንድታደርግ ነው?»

ጌታችን የቄሣርን ለቄሣር ስጡ ማለቱን ልንጽፍለት ብዕር አንሥተን ነበር፤ የሚመልስልን ሆኖ ስላላገኘነው አስቀመጥነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሳችሁ፣ ወይም ከአባቶች ትርጓሜ የሰማችሁት ነገር ያላችሁ ካህናትና መምህራን ብትጽፉልን በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን። እስከዚያው ለእናቱ እንዳይነግራት ጽፈንለታል።